አቮካዶዎቼን ያቃጠላቸው

ቂሊንጦ አጠገብ በቀረችኝ ቁራሽ መሬት ላይ ሃያ የአቮካዶ ችግኝ ተከልኩ። ጤፍ የምዘራበት መሬት ስለሌለኝ ተስፋዬ እነሱ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ወር ግን የቅጠላቸው ጫፍ እሳት የነካው ይመስል ቡናማ ሆነ። ተባይ ነው ብዬ መድኃኒት ረጨሁ፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ጎረቤቴ ቀንቶ አንድ ነገር አድርጎባቸዋል ብዬ ሰላምታ ነሳሁት።

በመጨረሻ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣችና ቅጠሉን ገልብጣ አየች።

«አባቴ፣ አንድም ተባይ የለም። ጫፉ የተቃጠለው ጨው ወይም ኬሚካል በዝቶበት ነው። ምን ውሃ ነው የሚያጠጡት?»

«የጉድጓድ ውሃ ነዋ! እኔ ሳላውቅ ማን ይነካቸዋል?» ብዬ ተቆጣሁ።

ፋብሪካ የምትሠራው ልጄ በቤታችን በር ላይ ቆማ ትሰማን ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ከሥራ ስመለስ የደንብ ልብሴን ያጠብኩበትን የበረኪና ውሃ ችግኞቹ ሥር እደፋለሁ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«እርስዎ ነዎት። በዚህ ቤት አንድ ጣሳ ውሃ ሜዳ ላይ ሲፈስ እንዳላይ ብለው ነበር። ታዲያ ይሄንንስ የት ልድፋው ብዬ ልጠይቅዎ ስንት ቀን መጥቼ አጠገብዎ ቆምኩ። ፈርቼዎት ተመለስኩ።»