ዙሪክ ያደረስኩት ቃል

ደንገጡር ነበርኩ። ዛሬ ቪንተርቱር በምትባል የስዊስ ከተማ ቁጭ ብዬ ይህን ቃል ስናገር የእህቴ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁኛል። በጀርመንኛ ላስረዳቸው እሞክርና እተወዋለሁ። የትልቅ ሰው ሚስት ስትነሳ የምትነሳ፣ ስትሄድ ከኋላ የምትከተል፣ ካባዋን የምትይዝ፣ ቃሏን የምታደርስ ሴት ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ደህና ዘር፣ ደህና ቁመትና ምንም የማይናገር ፊት ያስፈልጋል። ሦስቱም ነበሩኝ። የአንድ ገጣሚ ውሽማም ነበርኩ። ለዚያኛው ሥራ ሞኝነት ብቻ ይበቃል።

እመቤቴ ከቤተ መንግሥቱ ዘመዶች አንዷ ነበሩ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ጄኔቫ በመጣንበት ዓመት አገር ቤት ደርግ ሥልጣን ያዘ። ባለቤታቸው ታሰሩ፣ ቤታቸው ተወረሰ፣ እኛም በዚያው ቀረን። ሰርቬት በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ውስጥ ግን ምንም እንዳልተለወጠ ሆነን ኖርን። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛነው ባለ ረጅም መደገፊያ ወንበር የእመቤቴ መቀመጫ ሆነ። ጠዋት የልብስ ማጠቢያው ተራ ሲደርሰን ምድር ቤት ወርጄ አንሶላ አጥባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ከወንበሩ ጀርባ እቆማለሁ። በዓል ሲመጣ ከጄኔቫና ከሎዛን ስደተኛው ይሰበሰባል። የቀድሞ አምባሳደር፣ የቀድሞ ዳኛ፣ የቀድሞ ምንትስ። እዚያ ሳሎን ውስጥ የቀድሞ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ኮሪደሩ ጠባብ ስለነበር አንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ ከኋላው ያለውን በመቀመጫው ይገፋው ነበር።

ገጣሚው በየበዓሉ ከዙሪክ በባቡር እየመጣ ግጥም ያነብልናል። ድሮ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ያነብ የነበረ ሰው ነው። ለአጭር ትምህርት መጥቶ፣ ሚስቱን አዲስ አበባ ትቶ፣ እንደኛው መመለሻ አጣ። የዙሪክ ዳርቻ በሆነችው ሽሊረን እየኖረ እዚያው አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድር ነበር፤ ለሳሎኑ ሰው ግን "መጻሕፍት ላይ እየሠራሁ ነው" ይላል። ከካርቶኑ መካከል መጽሐፍ ያለበት አይጠፋም ይሆናል፤ ማን ከፍቶ አየ። ያ ሳሎን ለሱ የቀረው ብቸኛ ዓለም ነበር። ግጥሙን በአማርኛ ሰምቶ "ይበል" የሚለው ሰው በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ ሌላ የት ይገኛል?

አንድ የገና ምሽት እመቤቴ እስከ ባቡር ጣቢያው እንድሸኘው ላኩኝ፤ የእኔና የሱ ነገር በዚያ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ "ዘመድ ልጠይቅ" ብዬ አስፈቅድና ሽሊረን እሄዳለሁ። እመቤቴም "ሂጂ" ይሉኛል እንጂ የትኛውን ዘመድ ብለው አያውቁም። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ግጥም ጻፈልኝ። አንገቴን ጻፈ፣ አረማመዴን ጻፈ፣ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈኔን ሳይቀር ጻፈ። ሳሎን ውስጥ ሲያነበው ግን ሰዉ ሁሉ ስለ አገሩ የጻፈ መስሎት ያለቅሳል። አንድ ሽማግሌ ዳኛ አቅፈው ሳሙትና "ኢትዮጵያን እንዲህ አድርጎ ያየልን የለም" አሉት። ኢትዮጵያ አጠገባቸው ትሪ ይዛ ቆማለች። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። በግልጽ ልናገረው፣ ደስተኛ ነበርኩ፤ እወደውም ነበር።

ኋላ ሚስቱ መጣች። በበረሃ በእግሯ ጅቡቲ ገብታ፣ እዚያ ብዙ ተንከራትታ፣ በሰው እርዳታ ጄኔቫ ደረሰች። ባሏ ዘንድ አልሄደችም። የላከችለት መልእክት ሁሉ መልስ ስላላገኘ በቀጥታ እመቤቴ ዘንድ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ "ባሌን ይመልሱልኝ" አለች። ደግፌ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ከኔው ክፍል ፍራሽ አነጠፍኩላት። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ጫማ አላስደርግ ብሏት ስለነበር ውሃ አሙቄ አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት። "እህቴ" ትለኛለች፤ ስለኔና ስለ ባሏ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ልጠላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቃል ማድረስ ሥርዓት አለው። የእመቤት ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። መልእክተኛዋ ከመሄዷ በፊት ቃሉን ፊታቸው ቆማ ትደግመዋለች፣ የተላከለትም ሰው ቆሞ ይሰማዋል። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሠርቼዋለሁ። ሹመትም አድርሻለሁ፣ ሽረትም አድርሻለሁ፤ አንድም ቀን ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ሚስቱ በመጣች በሳምንቱ እመቤቴ ጠሩኝ። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

"ነገ ዙሪክ ትሄጃለሽ" አሉኝ። "እመቤቲቱ እንዲህ ብላለች በይው። ሚስትህ በረሃ አቋርጣ መጥታልሃለች። ቤትህ የምትመላለሰውን ሴት አስወጣና ሚስትህን አስገባ። ይህን ካላደረግህ ደጄን እንዳትረግጥ።"

ዓይናቸው ደክሟል ይባላል እንጂ የዚያን ቀን አጥርተው አዩኝ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። ሌላ የሚልኩት ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ስልክም ነበረን። እኔ እንድናገረው ፈለጉ።

"ድገሚልኝ" አሉ።

ደገምኩት። "ሴት" ከምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እንኳ አልተደናቀፍኩም። ሚስቱ ከጥጉ "አሜን" አለች።

በማግስቱ ባቡር ላይ ሐይቁን እያየሁ ብዙ አሰብኩ። ቃሉን ላለዝበው እችል ነበር። "ሚስትህን እርዳት ብለዋል" ብዬ ብነግረው ማን ይሰማል? ወይም ጭራሽ ሳልነግረው ሻይ ጠጥቼ ልመለስ እችላለሁ። በርን የተባለችውን ከተማ አልፈን ሜዳው ሲመጣ ግን እንዳለ ልነግረው ቆረጥኩ። ለሥርዓቱ ብዬ አይደለም። እምቢ እንዲል ፈልጌ ነው። ለእመቤቴ እምቢ ሲል፣ ያውም በኔው ጆሮ፣ መስማት አማረኝ። የገዛ ሰዎቹን ሁሉ ትቶ እኔን ሲመርጥ ታየኝ። ከዚያ በኋላ እኔም እሳቸውን ትቼ እዚያው ሽሊረን ሥራ ልፈልግ፣ ይህን ሁሉ አቀድኩ። ዙሪክ ስወርድ ፊቴን በጣቢያው መስተዋት አይቼ ሻሼን አስተካከልኩ።

የዕረፍት ቀኔ ስላልነበር በሩን ሲከፍት ደነገጠ፣ ከዚያም ደስ አለው። ሳመኝ፤ ካፖርቴን ተቀበለኝ፤ ሻይ ሊጥድ ተነሳ። በሸሚዝና በነጠላ ጫማ ነበር።

"ከእመቤቴ ቃል ይዣለሁ" አልኩት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ኮቱን ከበሩ ጀርባ አውርዶ ለበሰ፣ ጫማውን ቀየረ። ከዚያ በዚያች አንድ ክፍል መሀል፣ አልጋችን አጠገብ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። እንዲህ ሲቆም ሳየው ነገሩ ያለቀ መሆኑ ገባኝ። ቢሆንም ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳ።

"ትእዛዛቸውን ተቀብያለሁ፣ እፈጽማለሁ ብለው ይንገሩልኝ" አለ። ለዓመታት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ።

ጠበቅኩ። ይህ ለሳቸው የመለሰው ነው፣ አሁን ደግሞ ለኔ ይመልሳል ብዬ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ዓይኑ ቀና አላለም። ቆይቶ እመቤቴ ለፋሲካ ግጥም ይዘህ ና ብለው እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዳላሉ ነገርኩት። ሐሳብ ገባው። ለሱ ሐሳብ የሆነበት ይሄ ነበር።

ከዚያ ትእዛዙን መፈጸም ጀመረ። የሌሊት ልብሴን፣ ማበጠሪያዬን፣ የቤት ጫማዬን በሱቅ ፌስታል ከተተ። በጥንቃቄ ነው ያጣጠፈው፤ አልወረወረም፣ ይህን አልክድበትም። ካፖርቴን ደግፎ አለበሰኝና በሩን ከፈተልኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ? በእመቤቴ አፍ መጥቼ በራሴ አፍ ልሳደብ?

"አንድ ነገር ይጨምሩልኝ" አለኝ የበሩ ደፍ ላይ። "ሴትየዋ ወጥታለች ይበሉልኝ።"

ጄኔቫ ስደርስ መሽቶ ነበር። እመቤቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል፤ ሚስቱም አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ፌስታሉን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ገባሁና ፊታቸው ቆምኩ።

"ምን አለ?"

"ትእዛዙን ተቀብያለሁ፣ እፈጽማለሁ ብሏል። ሴትየዋ ወጥታለች ብሏል።"

እመቤቴ ራሳቸውን ነቀነቁና መነጽራቸውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሚስቱ በዚያ በታመመ እግሯ ተነስታ አንገቴን አቀፈችኝ፣ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ እያለቀሰች "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ደከምሽልኝ" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አገልግሎቴ "ደከምሽ" ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።