«ግፊ» እስክትባል

የጽዳት ሠራተኛዋ በሁለት እጇ ውሃ የሞሉ ባልዲዎች ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ የአንድ እግሯ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተት ነበር። እኔ ከመስኮቴ ኋላ ሆኜ አየሁና ላስጠነቅቃት አፌን ስከፍት፣ ከበስተኋላዋ የምትወጣ ልጅ ቀደመችኝ። ቦርሳዋን ደረጃው ላይ ጣል አድርጋ ተንበረከከችና ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥራ አሰረችላት። ሴትዮዋ ባልዲዎቹን ሳታስቀምጥ ቁልቁል አየቻትና፣ «እደጊ ልጄ። ወደ ጎን ግን ይብቃሽ፤ በሩ አያስገባሽም» አለቻት።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ስትነሳ አንድ እጇን ጎኗ ላይ ጫን አድርጋ፣ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ ነው የተነሳችው። ያን ጊዜ ማን እንደሆነች አወቅሁ። ላባ ነበረች። ተመልሳ መጣች። እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዬና ፍርሃቴ እኩል ነበሩ።

እኔ በዚህ ስፖርት ቤት የልብስ ሣጥን ቁልፍ እሰጣለሁ፣ እቀበላለሁ፤ በመካከሉ መጽሐፍ አነባለሁ። ትምህርቴን በልጅነቴ ነው ያቋረጥሁት። ያለችኝን ጥቂት ዕውቀት የለቀምኋት ከዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ሥራዬን ሳስብ አምላኬን ከማመስገን በቀር የምለው የለኝም። የላባን የቀድሞ ቁልፍ ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም ነበር። ስሰጣት ቁጥሩን አየችና፣ «አስቀምጠውልኝ ነበር እንዴ?» አለች።

ላባ ያሏት ለቀልድ ነው። መጀመሪያ ወንድሟ ይዟት ሲመጣ ቀጫጫ ልጅ ነበረች፤ አንዱ ቀልደኛ «ይቺ ላባ ደግሞ ምን ልታነሳ ነው?» አለ። ዛሬ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያንን ቀልደኛ ራሱን ከነወንበሩ አንስታ ታስቀምጠዋለች። ትከሻዋ ሰፋ፣ ክንዷ ጠና፤ ድምጿና ቅጽል ስሟ ብቻ እንደ ድሮው ቀሩ።

ስፖርቱን ፓወርሊፍቲንግ ይሉታል። ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት አለው፤ በጀርባ ተጋድሞ ብረቱን ከደረት ወደ ላይ መግፋት አለው፤ ከመሬት ማንሳትም አለው። እኔን የሚያስፈራኝ መጋደሙ ነው። ተወዳዳሪው አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ብረቱ የተሰካበትን ዘንግ ቀስ አድርጎ ደረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ዳኛው ዘንጉ ፀጥ ማለቱን አይቶ ለወንድ «ግፋ»፣ ለሴት «ግፊ» እስኪል ድረስ ያ ሁሉ ብረት ልብ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ከቃሉ ቀድሞ የገፋ ሰው፣ ተራራ ቢገፋ እንኳ አይቆጠርለትም።

ላባ ያስቸገራት ይኸው መጠበቅ ነበር። በአንድ ውድድር ቃሉ ሳይሰጥ ገፍታ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ወንድሟ በልምምድ ጊዜ ዘንጉ ቢከብዳት ሊይዝላት ከራስጌዋ ቆሞ ቃሉን እያዘገየ ያስጠብቃት ጀመር። ስታጉረመርም፣ «ዳኛ ዘመድ የለውም» ይላታል። እሱ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ጎማ ቤቱ በኔ መንገድ ላይ ነው። ሳልፍ ሁልጊዜ «እትዬ፣ ያ መጽሐፍ ገና አላለቀም? ደራሲው እንኳ በዚህ ጊዜ ሌላ ጽፏል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እህቱን የሚወድ፣ ሳቂታ ልጅ ነው።

አደጋው የደረሰ ቀን እኔ በዓይኔ አላየሁም። ብረት ሲወድቅ ሕንፃው ይንቀጠቀጣል፤ ለምጄዋለሁ፣ ከመጽሐፌ ቀና አልልም። የዚያን ቀን ግን መጀመሪያ የመጣው ፀጥታ ነው። ሙዚቃው ቆመ፣ የሰው ድምፅ ጠፋ፤ ቀጥሎ ወንድሟ እሪ አለ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ዘንጉ ደረቷ ላይ ሆኖ ወንድሟ ቃሉን አዘግይቶ እየሳቀ ያያታል። አንድ ጓደኛው ከኋላ ጠርቶ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ዞር ብሎ መለሰለት። መልሱ አጭር ነበር ይላሉ። እሷ ግን ትንፋሿን ጨርሳ ነበር። ያለ ትንፋሽ ልትገፋ ስትታገል አንድ ክንዷ ከዳትና ዘንጉ አዘመመ፤ የጎድን አጥንቷን ሰበረው። በቃሬዛ ይዘዋት በመስኮቴ ፊት ሲያልፉ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ከንፈር ነው።

አጥንቱ ዳነ። ሐኪሙ ቀስ ብለሽ ጀምሪ አላት። እናቷ ግን ነገሩን ከነጭራሹ እንድትተወው ነበር የፈለገችው። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ በመጪው የውድድር ማጣሪያ ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ብረት ስታነሳ የምትታጠቀውን የወገብ ቀበቶ ለሌላ ልጅ ሰጥታ በዚያው ይበቃታል። ወንድሟን ደግሞ እናቲቱ በስፖርት ቤቱ ደጅ እንዳያልፍ አስማለችው። ባታስምለውም የሚመጣ አይመስለኝም። አሁን በጎማ ቤቱ በኩል ሳልፍ አይቀልድም። የጎማ ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ ካለፍሁ በኋላ ነው ቀና የሚለው። በቤትም እህቱ ከማዕድ እስክትነሳ ጠብቆ እንደሚበላ ላባ ነግራኛለች።

በመጀመሪያው ቀን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች እንጂ አልተጋደመችም። በፎጣ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው። ዘንጉ ቢያመልጥ እንዲይዙት ከአደጋው ወዲህ የተገጠሙትን የጎን ብረቶች በእጇ ነካክታ አየች። በሌላ ቀን ስትጋደምም ባዶውን ዘንግ ይዛ፣ «ከራስጌዬ ማን ነው?» አለች። አሰልጣኙ እኔ ነኝ አላት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ። አሰልጣኙ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው፤ በጠየቀችው ቁጥር እኔ ነኝ ይላታል።

ቀስ በቀስ ጉልበቷ ተመለሰ። ዘንጉ ላይ የብረት ዲስክ በዲስክ ላይ እየተጨመረ ሄደ። ተሸክሞ መነሳቱ ተስተካከለ፤ ከመሬት ማንሳቱም እንዲያውም ከድሮው በለጠ። መጋደሙንም ትገፋዋለች። ሰዎቹ ያጨበጭቡላታል፣ አሰልጣኙ ባለፈ ቁጥር «ላባ ድናለች» ይለኛል። እኔም ጠዋት ስጸልይ ስሟን ከምለምንላቸው ሰዎች ወደማመሰግንላቸው ላዛውረው ደርሼ ነበር።

ማጣሪያው ሲቃረብ አሰልጣኙ ከሌላ ስፖርት ቤት አንዲት ዳኛ ጠርቶ ሙከራ አዘጋጀ። እኔም ወንበሬን ትቼ በሩ ላይ ቆምሁ። ዳኛዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። ላባ ዘንጉን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ዳኛዋ ፀጥ እስኪል ጠበቀች። በዚያች ፀጥታ ውስጥ የላባ እግር መሬቱን ሲቧጥጥ ሰማሁ፤ ዓይኗ ወደ ራስጌዋ፣ የቆመውን ሰው ለማየት ተንከራተተ። ከዚያ ቃሉ ሳይሰጥ ዘንጉ ተወርውሮ ወደ ላይ ሄደ። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች። ክብደት ቀንሰው ሁለተኛ ሞከሩ፤ ያው። በሦስተኛው ዘንጉ ደረቷን ነካ ሳያደርግ ነው የመለሰችው። በማጣሪያው ቢሆን ኖሮ የሚፈቀደው ሦስት ሙከራ ብቻ ስለሆነ በዚያው ተሰናብታ ነበር። ዳኛዋ ስትወጣ ለአሰልጣኙ፣ ልጅቷ ጉልበት ሞልቷታል፣ የሌላት እምነት ነው አለችው።

እሱ ሊሸኛት ወጣ፤ ሌሎቹም ለምሳ ተበተኑ። ላባ ቁልፏን ልትመልስ መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። አምላክ ያውቃል፣ ገና ጊዜ አለ አልኳት። ሰምታኝ እንደ ሆነ አላውቅም። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይምጡ እስቲ» አለችኝ።

ተከትያት ገባሁ። ዘንጉ ላይ ትናንሽ ዲስኮች ብቻ አደረገች፤ ከኔ የገበያ ዘንቢል የሚብስ አልነበረም። ከራስጌዋ አቆመችኝና፣ ዘንጉ ደረቴ ላይ ፀጥ ሲል ‹ግፊ› ይበሉ አለች። ቀላል መሰለኝ። ተጋደመች። ዘንጉ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ያ አመድ የመሰለ ከንፈር ዓይኔ ላይ መጣ።

«ግፊ» አልሁ።

ዘንጉ አየር ላይ ቆመ። ላባ ከታች ወደ ላይ አየችኝና ሳቀች። ከተመለሰች ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። «እትዬ፣ ገና አልደረሰም እኮ» አለች።

እንደገና ሞከርን። እሺ፣ እጠብቃለሁ አልኳት። ዘንጉ ደረቷን ከመንካቱ ቃሉ ከአፌ አመለጠ። ዘንጉን ማረፊያው ላይ መልሳ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ» አለች። «አሰልጣኙም፣ ልጆቹም። ሲነካኝ ‹ግፊ›፣ ሲነካኝ ‹ግፊ›። ድኜ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድም ቀን ጠብቄ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በርኅራኄያችን ስናስታምማት ፍርሃቷን ስንቀልብላት ኖረናል፤ ማንም አላሰበውም። በባዶው አዳራሽ ውስጥ እኔም ፈራሁ፤ ለሷ የሚደረግ ነገር ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። እሷ መዳፏን ጎኗ ላይ፣ አጥንቱ በተጋጠመበት ቦታ አድርጋ፣ ዘንጉን ትክ ብላ አየች።

«ላስቸግርዎት ነው እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ወንድሜን ይጥሩልኝ።»

ደነገጥሁ። እናትሽስ አልኳት።

«እማዬን እኔ እነግራታለሁ። ሳልነግራት አልጋደምም። አሰልጣኙም ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ያቆምልኛል። እሱን ግን እኔ ብጠራው ልወቅሰው መስሎት ይሸሻል። እርስዎን እምቢ አይልም።»

«እሱ እኮ ያን ቀን ዞሯል» አልሁ፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ አንገቴን ደፋሁ።

«ለዚሁ ነዋ» አለች። «እናንተ ታዝኑልኛላችሁ እንጂ አታስጠብቁኝም። እሱ ያስጠብቀኛል። ደግሞ አንዴ ዞሯል፤ ከእንግዲህ ከሱ የበለጠ የማይዞር ሰው የት አገኛለሁ?» ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ የምትለውን አምናበት ይሁን ለማመን እየታገለች ይሁን፣ ከፊቷ ለመለየት አልቻልሁም።

ፎጣዋን አንስታ አግዳሚውን ጠረገች። ከዚያ ሳታየኝ፣ «ነገ ይምጣ። እርስዎም በሩ ላይ ይቁሙልኝ» አለች። «ግን እትዬ፣ የቱንም ያህል ቢዘገይ፣ እባክዎ እርስዎ ‹ግፊ› እንዳይሉ።»