የማን ልጅ ናት?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በዕብራይስጥ ሮቫ አሌፍ በሚሉት ሰፈር አደባባይ ላይ ያዙኝ። ሰልፍ ወጥተን ነበር፤ ፖሊስ ልጆቻችንን በየመንገዱ እያስቆመ መደብደቡ በዝቶ፣ ድብደባውም በየሰው ስልክ መታየት ጀምሮ ነበር። እኔ መንገዱ መሐል ተቀምጫለሁ። ተነሺ አሉኝ፣ አልተነሳሁም። ሁለት ሆነው ብብቴን ይዘው ወደ መኪናው ጎተቱኝ። አንድ እግር ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ጫማዬን ስጡኝ ስል የሰማኝ የለም። ከዚያ ቀን ሁሉ መጀመሪያ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ጫማው አዲስ ነበር።

የትኛው ጣቢያ እንደወሰዱኝ አልናገርም፤ የማንንም ስም፣ የራሴንም ጭምር፣ አልጽፍም። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት የብረት አልጋዎች ግድግዳው ላይ ተበይደዋል፤ ፍራሻቸው በሰማያዊ ፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ሲቀመጡበት ይንጫጫል። በሩ ላይ ከውጭ ብቻ የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለች። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ሽንት። ከባሕሩ እንዳልራቅን ያወቅሁት ግድግዳው እርጥበት ስላዘለ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

ሥራዬ ሕፃናት ጋር ነው። ሮቫ አሌፍ ውስጥ ባለ አንድ ጋን፣ ማለት የሕፃናት መዋያ፣ የመምህሯ ረዳት ነኝ። ከጠርሙስ ክዳንና ከእንቁላል ካርቶን ለልጆቹ ጨዋታ እሠራለሁ። እጄ ሥራ ከፈታ ራሴን ያመኛል።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት አስገቡ። የኛው ሰው ናት፣ ሠላሳ ቢሆናት ነው። ገና ሳትቀመጥ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኋት፤ እኛ ዘንድ ከዚያ በፊት ወሬ አይጀመርም።

«ከሮቫ ቴት ነኝ እትዬ። አባቴ የወገራ፣ እናቴ የደንቢያ።»

ዘር ስንቆጥር ዝምድና አላገኘንም፤ አክስቷ ግን ሱዳን ከእኛ ጋር አንድ ድንኳን የነበረች ሆና ተገኘች። ለምን እንዳመጧት ጠየቅኋት።

«ከጎረቤት ተጣላሁ። ስልኳን ሰበርኩባት።»

«ሰልፉ ላይ አልነበርሽም?»

«ኧረ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሃፍጋናውን ከአውቶቡስ መስኮት እንኳ አላየሁትም።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት፤ አባት የለም፤ ልጅቷን የፎቁ ሰዎች ጋ ትታ ነው የመጣችው።

የሚያለቅስ ሰው ማባበል አላውቅም። ልጅ ሲሆን የማደርገውን አደረግሁ። «እንቆቅልሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አውቅልሽ» አለች፣ ንፍጧን እየጠረገች።

እንቆቅልሹ እንደምታውቁት ነው። መልሱ የጠፋባት አገር ትሰጣለች፤ አገር የተቀበለችው ደግሞ እዚያ ገብታ እንዴት እንደተንደላቀቀች ካወራች በኋላ የተረታችውን እንደ ልቧ ትሰድባለች። ስድቡ ነው ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው። ጎንደርንም ደብረ ታቦርንም ተሰጣጥተን፣ ተሰዳድበን፣ እንቆቅልሽ አለቀብን።

ቁርሱ የመጣው በነጭ ፎም ሳህን ነበር፦ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወይራ፣ እርጎ። ፎም በጥፍር ይጫራል። ሳህኑን ገልብጬ ካሬ ካሬ አደረግሁትና በየካሬው ረቡዕ ረቡዕ እዚህ ባሕሩ ዳርቻ የሚቆመውን ገበያ ጫርሁበት፤ ዓሣ፣ ሐብሐብ፣ ጫማ፣ ሽንኩርት፣ የልጅ ጋሪ። ሁለታችንም ከዚያ አንድ አንድ በልባችን እንመርጣለን፤ የመረጥነውን በእርጎ ክዳን ላይ ጭረን ጭናችን ሥር እንደብቃለን። ከዚያ በተራ መጠየቅ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም፣ መዋሸት የለም። ያልሆነውን ካሬ በዳቦ ፍርፋሪ መሸፈን ነው። የወይራ ፍሬ አገራችን ሆነ። በስህተት የገመተች አንድ አገር ትሰጣለች።

የመጀመሪያው ዙር ቶሎ አለቀ። «ይበላል?» ብላ ስትጠይቅ ግማሹ ገበያ ረገፈ። «ይሄ ለሕፃን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነገሩ እንዲከብድ የሚመሳሰሉ ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ ከሰው የበለጠ የሚመሳሰል ደግሞ የለም። ሁለተኛውን ሳህን ሰርግ አደረግነው። ካሬው ሁሉ ዕድምተኛ ሆነ፤ መልካቸው ስለማይለይ ለእያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ ሰጠነው። «የማን ልጅ ናት?» የሚለውን በጥያቄ ለማጥበብ ጠያቂዋ ዙሪያውን መዞር ነበረባት። ጨዋታው ያኔ ጣፈጠ።

ከዕድምተኞቹ አንዷን ከእውነተኛ ሰርግ ነው ያመጣኋት። ረቡዕ ዕለት ሰርግ ነበረብን፤ ሮቫ ሔት የእኛው ሕንጻ ደረጃ ላይ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ፣ ወታደር ናት፣ ለሰርጉ ፈቃድ ወጥታ በወታደር ቦት ጫማዋ እስክስታ ወረደች። ስትዞር አዳለጣትና በእጇ ወደቀች። «አንጓዋን እኔው በፋሻ ጠቀለልኩላት፤ እሷ ግን ተመልሳ ገብታ በአንድ እጇ ጨፈረች» ብዬ ነገርኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ዙር ተረታሁ፤ ሴትዮዋም ልትሰድበኝ አላነሰችም፤ ባለ አንድ ጫማ አለችኝ።

ከዚያ መርማሪው አስጠራኝ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጠ። አንዲት ልጅ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ከፖሊስ እጅ የነጠቀችውን የድምፅ ማጉያ ወደ ላይ ይዛለች። የያዘችበት እጅ አንጓው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ቋጠሮው የኔ ነው። እኔ ፋሻ የምቋጥረው ለሕፃን እንደምቋጥረው፣ በሁለት ጆሮ ነው።

«ማን ናት?» አለኝ በዕብራይስጥ።

«አላውቃትም።»

«ከጎንሽ ነበረች።»

«ከጎኔ ብዙ ሰው ነበር።»

ወታደር ሰልፍ መውጣት አይፈቀድለትም። ልጅቷ ደግሞ የመኮንኖች ኮርስ ልትገባ ነበር፤ ከቤቷ እዚያ የደረሰ የለም፤ አባቷ ለተሳፋሪ ሁሉ ይናገር ነበር። ቢያውቋት የወታደር እስር ቤት ነው፣ ኮርሱም ይቀራል። ሥራ በጠየቀች ቁጥር ያቺ ፎቶ ትከተላታለች።

«ዳኛ የምታዪው ሻባት ሲወጣ ነው» አለ መርማሪው፤ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲያልፍ ማለቱ ነው። «ስም ከሰጠሽኝ ግን ዛሬ ቤትሽ ነሽ።» ደጋግሞ ጠየቀኝ። በጠየቀ ቁጥር የማያውቀውን ይነግረኝ ነበር፤ ወታደር መሆኗን እንኳ አያውቅም። ትንሽ ተጽናናሁ። ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ኮሪደሩ ላይ ለሴትዮዋ ያወራሁላት የሰርጉ ወሬ ትዝ አለኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ሴትዮዋንም ወስደዋታል። ቆይተው መለሷት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ወደ እኔ አታይም። ምሳ በመጣበት ሳህን ላይ አጎንብሳ በጥፍሯ ካሬ ማውጣት ጀመረች።

«ሦስተኛውን እኔ ልሥራው እትዬ» አለች። «የትናንቱን ሰልፍ።»

ቁጭ ብዬ አየኋት። ባንዲራ የያዘ ሰው ሣለች። ጭራ የያዙ ሽማግሌ፣ የፖሊስ ፈረስ። በአንድ እግር ጫማ የተቀመጠች ሴት ሣለች፤ እሷ እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ፊቷን የሸፈነች ልጅ ሣለችና እጇ አንጓ ላይ ሁለት መስመር ጫረች።

ሰልፉን ከአውቶቡስ መስኮት እንኳ አላየሁም ያለች ሴት ናት። ያን ፋሻ ልታይ የምትችለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። ፀጉሯን ይዤ ከግድግዳው ጋር ላላትማት ከጀለኝ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። ግን ብቆጣ ነገሩን አረጋገጥሁላት ማለት ነው፤ አልጫወትም ብልም ያው ነው። ዳቦዬን ፈርፍሬ ከፊቴ አስቀመጥሁ።

«እንደ ሰርጉ፣ ለእያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ እንስጠው» አለች።

«ለዚህ አያስፈልግም።»

«ለዚች ለአንዷ ብቻ።»

«አያስፈልግም አልኩሽ። ምረጪ።»

መረጠች። እኔም ክዳኔ ላይ ጭሬ ጭኔ ሥር አደረግሁ። ወይራ ፍሬዋ ጠዋት አልቆ አንድ ብቻ ቀርቷት ነበር።

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

ሰሌዳው ላይ ያሉት ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛ ጥያቄ አላስፈለጋትም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅ ናት?»

የበሩ መስኮት ክፍት ይሁን ዝግ ለማየት አልደፈርኩም። ጨዋታችን ውስጥ ውሸት የለም፤ መዋሸትም አላስፈለገኝም።

«አይደለችም» አልኩና ክዳኑን አወጣሁ። ባለ አንድ ጫማዋን ነበር የጫርሁት። «እኔ ነኝ። አገር ስጪኝ።»

የመጨረሻዋን ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።  አጎንብሳ ስድቡን ጠበቀች፤ እኔ ፍሬዋን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥሁ።

«አልሰደብሽኝም» አለች ቆይታ።

«አልሰድብም።»

«ለምን?»

«ዛሬ ብሰድብሽ የምሬን ይሆናል።»

ያኔ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «መርማሪው አንድ ስም ብቻ ስጪኝ አለኝ። ለሻባት ልጅሽ ጋ ነሽ አለኝ። ያለ እኔ ተኝታ አታውቅም እትዬ።»

«ለኔም ያንኑ ብሎኛል።»

ሌላ ምን ልበላት? ልለምናት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናት ናት፤ ልመናው ልጇን ተዪ ማለት ነው፤ ያን ማለት አልሆነልኝም። «ያወቅሽውን አውቀሻል» አልኳት። «ከሆድሽ ላወጣው አልችልም።»

ጥበቃው መጥቶ ጠራት። ጫማዋን አድርጋ፣ ዕቃዋን ይዛ ወጣች፤ ዞራ አላየችኝም።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሱዳንን በእግሬ ስሻገር ሕፃን ስለነበርሁ ፍርሃቱ የናቴ ነበር፤ ይሄኛው የራሴ ሆነ። ደረጃችን ላይ ፖሊስ ሲወጣ፣ የልጅቷ እናት እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩን ስትከፍት ይታየኝ ነበር። ሳህኑን ሰባብሬ ልጣለው አልሁና ተውሁት። ቢያገኙት ምን ያነቡበታል? የሰንበት መግቢያው ሳይረን በከተማው ላይ ጮኸ። ዓርብ ዓርብ የምወደው ድምፅ ነበር። አሁን ቤቷ ገብታለች፣ ልጇን አቅፋለች፣ አለቀ፣ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

በሩ ተከፈተ። ጫማዋን አውልቃ ስትቀመጥ ፍራሹ ተንጫጫ።

«የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «የኛ ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉን አላውቅም አልሁት።»

ከግድግዳው ወደ እሷ ዞርሁ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቷን መስመሮች በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቅ ጀመር። ፎሙ እየተፈረፈረ ወረደ፤ ቦታው እስኪበሳ ፋቀችው። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ተራው ያንቺ ነው እትዬ፤ ጠይቂ» አለችኝ።

ከመጠየቄ በፊት በቀረን ዳቦ ላይ ባረክን፤ ሰንበት ሰላም ተባባልን። በኋላ ስለ ልጇ ስታለቅስ አጠገቧ ተኝቼ ጀርባዋን አሻሸሁ። እኔም አለቀስሁ፤ የኔ ግን የእፎይታም ነበረበት፤ ይህን አልነገርኳትም።

ሰንበት ሲወጣ ዳኛ ፊት ቀርቤ በዋስ ተለቀቅሁ። አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። የሹፌሩ ልጅ ኮርሷን ጨርሳ መኮንን ሆናለች፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ያ ፋሻ እንዴት እንዳሳከካት እያነሳች ትስቃለች። ሌላውን አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ሴትዮዋን አንድ ረቡዕ ገበያ ውስጥ አገኘኋት፣ ከልጇ ጋር። ልጅቷ ቁመቷ እናቷን ደርሷል። እንደ ወጋችን ደጋግመን ተሳሳምን፤ ስለ ሐብሐብ ዋጋ አውርተን ተለያየን።

ጨዋታው አሁን የካርቶን ሰሌዳ አለው። ገበያ፣ ሰርግ፣ ወደብ፣ የአውቶቡስ መሥመር እያለ ሰሌዳው ይቀያየራል፤ ልጆቹም ትልልቆቹም ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱታል። ሰልፉን አላስገባሁትም። አንድ ደንብ ግን ጨመርሁ፦ መልሱን ያወቀ ተጫዋች፣ መናገር ካልፈለገ አንድ አገሩን ሰጥቶ ዝም ማለት ይችላል። ልጆቹ ይህ ደንብ አይገባቸውም። ባለፈው አንዷ ሰሌዳውን ትታ ክርክር ጀመረችኝ።

«እያወቀ፣ አገሩን ሰጥቶ ዝም የሚል ማን አለ?» አለችኝ።

«አለች» አልኳት። «ሮቫ ቴት ነው የምትኖረው።»