እንደ ጀንፈል ያስቀመጥኩት ድርሃም

ዱባይ ሹፌር ሳለሁ፣ ሚዛን ከተማ ያለችው እናቴ ለሚያፈሰው ጣሪያዋ የቆርቆሮ መግዣ ላክልኝ አለችኝ። እኔ ግን የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡናውን በማዳበሪያ ቋጥሮ ዋጋ እስኪጨምር ይጠብቅ ነበር፤ እኔም ድርሃሜን ይዤ ጠበቅሁ። ብር በወደቀ ቁጥር፣ አላፍርም፣ ጨፈርኩ።

በመጨረሻ አገሬ ገብቼ ድርሃሜን መንዝሬ፣ በፌስታል ሙሉ ብር አንጠልጥዬ፣ ጎረቤት ከተማ አማን ቆርቆሮ ልገዛ ሄድኩ። ለካ ያ ከይሲ ነጋዴም ዶላር እስኪጨምር ቆርቆሮውን ደብቆ ሲጠብቅ ነው የከረመው! ድሮ ሙሉ ጣሪያ ይሸፍን የነበረው ድርሃም ግማሹን እንኳ አልሸፈነም።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ወረደ። እናቴ ሳፋ አስታቅፋ የሚያፈሰው ቦታ አቆመችኝና፣ «በል፣ ይሄንንም ዋጋ እስኪጨምር አጠራቅመው» አለችኝ።