ሁለት መቶ ሰባ ሦስት

የያዙኝ ፍኖተ ሰላም ኮሌጃችን ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ፊት ነው። ሰሌዳው ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የአየር መጭመቂያ፣ ኮምፕሬሰር፣ ስዬ ነበር፤ ሁለት ሲሊንደር፣ በመካከላቸው ማቀዝቀዣ። ከያዙኝ ሰዎች አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳውና "ይኸው ቦምቡ" አለ።

ቡሬ ወስደው የበቆሎ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። የእስረኞቹ ካቦ፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ "አይቀየሙኝ መምህር፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ነው" አሉኝ። የበላሁት ሁሉ ባልዲ ባልዲ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ። ከኋላው የቆመው ረዳቱ የድሮ ተማሪዬ ነው። ይህንኑ ትምህርት ያስተማርኩት።

"ቦምቡን የሚሠሩትን ተማሪዎች ስም ስጠንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። እምቢ ካልክ ክፍሉን በሙሉ እንለቅመዋለን።"

"ቦምብ አይደለም። እሱን ጠይቀው፣ ተምሮታል።"

"አላስታውሰውም" አለ ልጁ፣ ጫማውን እያየ።

ከባልዲው ይልቅ እሱ አቅለሸለሸኝ።

ከወለሉ ከሰል አነሳሁና ግድግዳው ላይ ማስላት ጀመርኩ። "የብስክሌት ጎማ ስትነፋ መንፊያው ይግል የለም? የጋለ አየር መጭመቅ ብዙ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ መሀል ላይ እናቀዘቅዘዋለን። የአየሩን ግፊት ከአንድ ባር ወደ ዘጠኝ ለማድረስ ሦስት ላይ እናቆማለን፤ ያኔ ሁለቱ ሲሊንደሮች ሥራውን እኩል ይካፈሉታል።"

የሙቀቱ ቦታ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ሃያ ሰባት ጻፍኩ። ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ሳይቀይር የሚያሰላ ተማሪ ሲገኝ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሁለት መቶ ሰባ ሦስት!" ብሎ እንዲጮህበት ያስለመድኩት እኔ ነኝ። በዚህ ልጅ ላይ ደጋግመው ጮኸውበታል። ሳላርመው ማባዛቱን ቀጠልኩ።

"ቲቸር፣ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት አልደመሩም" አለ።

መርማሪው ዞሮ አየው። "አላስታውሰውም አላልክም?"

መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ "አጥፋው" አለኝ።

"ልጨርሰው" አልኩና ሦስት መቶ ብዬ አርሜ ጨረስኩት። ትምህርት መሆኑን ልጁ በገዛ አፉ ስላጋለጠው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ተማሪዎቼ የጠየቀኝ የለም። እኔንም ሲሰለቻቸው ለቀቁኝ።

ቅርብ ጊዜ ያ ልጅ ቡሬ መናኸሪያ አገኘኝ። እጁን ዘርግቶ "ያኔ እኮ ያዳንኩዎ እኔ ነኝ ቲቸር" አለኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

"አላዳንከኝም፤ ከአፍህ አምልጦህ ነው" አልኩትና እጄን ከኪሴ ሳላወጣ አለፍኩ።

ተማሪዎቼ አሁንም በአንድ ድምፅ "ሁለት መቶ ሰባ ሦስት!" ብለው ይጮኻሉ። ድሮ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ያ ልጅ ይመጣብኛል።