ታጥቦ የተመለሰ ቢላዋ

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ስታስረዳ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ምስል አወጣች፤ ከባክቴሪያ ገላ የወጣ፣ ቀጭን መርፌ የመሰለ ነገር።

«ባክቴሪያው የራሱን ፕሮቲኖች በዚህ በኩል ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባል» አለች። «የእንሰቱም ባክቴሪያ መርፌውን የሚሠራበት ዘረመል እንዳለው አሁን እናውቃለን።»

አጠገቤ የነበረው ካሜራማን ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለኝ። መሳቄን አላወቅኩም ነበር። የታወሰኝ የአክስቴ ቢላዋ ነው።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ ኮንጋ በምትባል የጌዴኦ ገጠር ከአባቴ እህት ከአስቴር ዘንድ ነበርኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። የቡናው ገንዘብ ቢያልቅም ጓሮዋ ያለው እንሰት እስካለ ድረስ ቤቷ አይራብም። ቆጮውን ትኩሱን ከጎመን ጋር ስታቀርብልን፣ ያን ምግብ ለማድረስ ተክሉ ስንት ዓመት እንደቆመ አላስብም ነበር።

አንድ ጠዋት የአንዱ እንሰት የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው። ከዚያ ሌላ። አጥር የምትጋራን ብርቱካን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የእሷን ጓሮ በዚሁ በሽታ አጥታ ነበር። አክስቴ ብርቱካንን ሰላም ማለት አቆመች።

«ዓይን ነው አልልም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለችኝ። «ግን የእሷ ካለቀ በኋላ የእኔን እያየች ስትቆም ነበር።»

በዚያው ሰሞን ሰብለ የምትባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ወደ ሠፈሩ መምጣቷን ሰማንና ሄጄ ጠራኋት። ሰብለ ጌዴኦኛ አትችልም፤ የአክስቴ አማርኛ ደግሞ ለገበያ የሚበቃ ነበር። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ሰብለ የታመመውን ግንድ ቆረጠች። ጥቂት ቆይቶ ከቁርጡ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። በሽታው በባክቴሪያ እንደሚመጣ፣ ባክቴሪያውም ፕሮቲን ወደ ተክሉ እየላከ መከላከያውን እንደሚያዳክም ነገረችኝ።

ለፕሮቲን የሚሆን የጌዴኦኛ ቃል አልነበረኝም። ቆም ብዬ አሰብኩና እንዲህ አልኩ፦ «በዓይን የማትታይ ነገር ናት። ተክሉን በመርፌ ትወጋዋለች። በመርፌው ውስጥ የራሷን ሠራተኞች ትልካለች፤ እነሱ የተክሉን ዘበኞች ያስተኛሉ።»

«ሐኪም ሳትሆን መርፌ ማን ሰጣት?» አለች አክስቴ። ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «ልጅቷ ይህን መርፌ በዓይኗ አይታዋለች ወይ? ጠይቃት።»

ሰብለ አልተቆጣችም። «የዚህን አላየሁም» አለች። «የዘመዶቹን መርፌ ፎቶ አይቻለሁ። ይህም ሳይኖረው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በቢላዋ እንደሚዛመት ግን እርግጠኛ ነኝ። ግምቴንና የማውቀውን ለይተህ ንገራቸው።»

ለይቼ ነገርኳት። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «አላየሁም ካለች አምናታለሁ።»

«ቢላዋዎን ለሰው አውሰው ነበር?» አለች ሰብለ።

አክስቴ ወደ አጥሩ አየች። የብርቱካን እንሰት መጠውለግ ሲጀምር፣ ሳይበላሽ የተረፈውን ለመፋቅ የሠፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ነበር፤ የአክስቴም ቢላዋ እዚያ ዋለ። በእኛ ዘንድ የተዋሱት ዕቃ ቆሽሾ ወይም ባዶውን አይመለስም። ብርቱካን ቢላዋውን አጥባ፣ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ቡላ ጨምራ መለሰችው። በማግስቱ አክስቴ በዚያው ቢላዋ የራሷን እንሰት ቅጠል ቆረጠች።

ብርቱካንን ጠራኋት። አጥሩ ጋ ቆማ ሰማችን። «ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት» አለች። «በአመድ ፈትጌ።»

«ውሃ አይገድለውም» አለች ሰብለ። «እሳት ነው የሚገድለው። እርስዎ ያደረጉት ክፉ ነገር የለም።»

አክስቴ መሬት መሬት እያየች «እኔ ደግሞ ዓይንሽ ነው እያልኩ...» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለች ብርቱካን። «አጥር ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም።»

ሰብለ የታመሙት ተነቅለው እንዲቀበሩ፣ ቢላዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲሻገር ሁሉ እሳት ላይ እንዲግል አዘዘች። ነቅሎ መቅበሩን አክስቴ ተቀበለች። የከበዳት ሁለተኛው ነው። ሰው ታጥቦ የመጣለትን ቢላዋ፣ ባጠበችለት ሴት ፊት እሳት ውስጥ ከጨመረ፣ ንጹሕ አይደለሽም ማለቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የራሷን ቢላዋ ይዛ ብርቱካን ቤት ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ቢላዋውን በብርቱካን ምድጃ ፍም ላይ አጋደመችው። «ዛሬ የቆሸሸው የእኔ ነው» አለች። ብርቱካን ተነሥታ የራሷን ቢላዋ አመጣችና ከጎኑ አስተኛችው። ያን ቀን አብረው ነቀሉ፣ አብረው ቀበሩ። አብዛኛው እንሰት ተረፈ፤ የአክስቴ ልጆችም እሱን በልተው አደጉ።

ብዙ ዓመት በዜና ሥራ ስቆይ አለቆቼ ያስተማሩኝ ብዙ ነገር አለ። የማውቀውንና የምገምተውን ለይቼ መናገርን ግን የተማርኩት ጭቃ ላይ ቆሜ ስተረጉም ነው። ሰብለን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ምስጋናዬን ሳላደርስ ቀርቻለሁና እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከገለጻው በኋላ ወጣቷን ተመራማሪ «እስካሁን የማታውቁት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ይልቅ ለዚህኛው ረጅም መልስ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ኮንጋ ሄድኩ። አክስቴ አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። «መርፌውን የሚሠራበት ነገር አለው፤ ተረጋገጠ» አልኳት።

«ያቺ ልጅ ያኔም ሳይኖረው አይቀርም ብላ ነበር» አለች፣ ትናንት እንደተነገራት ሁሉ።

ይህን ስንነጋገር ብርቱካን ከአጥሩ ማዶ ቢላዋ እንድናውሳት ተጣራች። አክስቴ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ቢላዋውን ፍሙ ላይ አገላበጠችው፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙራ ሰጠችኝ።

«አቀብላት» አለች። «ትኩስ ነው በላት።»