የዣንጥላዋ ሴት ድምፅ

አባቴ አብዱረዛቅ ዕድሜውን ሙሉ ደምበጫ ገበያ ላይ ጨርቅ ሸጧል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በቪዲዮ ቤቱ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጎ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ አስገባባት። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ተመልካቹ ገበሬና ነጋዴ። ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ፣ ማይክሮፎን ይዞ ራሱ ይተረጉማል። ተረጎመ ይባል እንጂ እንግሊዝኛው ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም፤ ያልገባውን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላዋል።

ችግሩ የሴት ድምፅ ነበር። ጢሙ የተንዠረገገ ሰውዬ ድምፁን አቅጥኖ «ውዴ» ባለ ቁጥር፣ የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ ሳይቀር ቤቱ በሳቅ ያልቃል። «ሴቷን ለእኔ ተዋት» ያለችው እናቴ ሀጀራ ናት። ሰው ፊት መቀመጥ ስለማትወድ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ፊልሙን በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ትናገር ጀመር። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ከሁሉም የተወደደው አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። አንድ ዣንጥላ ጠጋኝ አሮጌ ዣንጥላ ሲከፍት ከሥሩ ቆንጆ ሴት ብቅ ትላለች፤ ሲዘጋው ትጠፋለች። ከእሱ በቀር የሚያያት የለም። ሰውዬው ፍቅር ይይዘውና፣ እንዳትጠፋበት ዣንጥላውን እንደዘረጋ ይበላል፣ እንደዘረጋ ይተኛል፣ ሰርግ ቤት ገብቶም ይጨፍራል። ያገሩ ሰው አብዷል ይለዋል። የደምበጫ ሰው በጠራራ ፀሐይ ዣንጥላ የዘረጋ መንገደኛ ሲያይ «ከማን ጋር ነህ?» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። እናቴንም ሽንኩርት ስትገዛ በድምጿ ለይተው «የዣንጥላዋ!» እያሉ ያስቋት ነበር።

እኔን ስታረግዝ ትንፋሽ አጠራት። «እኔ እስክገላገል ፊልሙ አይቁም» ብላ፣ ሁለት ማጫወቻ አገናኝተው ድምፃቸውን እዚያው ካሴት ላይ ቀዱት። መሀል ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል። አንድ ቦታ ደግሞ እናቴ የምትለው ይጠፋትና ትስቃለች፤ አባቴ «ቀጥይ እንጂ ሴትዮ!» ሲላት ይሰማል።

ማርቆስ ሄጄ ስማር፣ እንግሊዝኛ የቻልኩ መስሎኝ አፈርኩባቸው። ካሴቱ ላይ ከሥር በስሱ በሚሰማው እንግሊዝኛ ሰውዬው «ዝናብ ሊመጣ ነው» ሲል አባቴ «ያላንቺ እንጀራ አልበላ አለኝ» ይላል። እናቴ «ታዲያ በቆሎ ሞክር» ትመልስለታለች። ጓደኞቼ ይህን ጉድ ሰምተው እንዳይስቁብኝ ቤታችን አላመጣኋቸውም። እንዲህ ያደረግሁ እኔ ነኝ፤ ልሸሽገው አልችልም።

እናቴ ጉበቷን ታማ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት። ፎቶዋ አለ፤ ድምጿ ግን ከዚያ ካሴት በቀር የትም የለም። ማጫወቻው ከእሷ በፊት ነው የተበላሸው። አባቴ ካሴቱን በሻርፗ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ባለፈው ጥቅምት ነው አውጥቶ የሰጠኝ።

«ረውዳ፣ ማርቆስ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ አሉ አሉኝ» አለኝ። «እስካሁን አልደፈርኩም ነበር። አሁን ድምጿን ልስማው።»

ወሰድኩት። ገልባጩ ጌቾ ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው። «ምንድን ነው ያለበት?» ሲለኝ ያ የድሮ ሐፍረቴ ያዘኝና «የድሮ ፊልም ነው፤ ብቻ ገልብጥልኝ» አልኩት። የእናቴ ድምፅ ነው ብል ምን ነበረበት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሥራው ሦስት ቀን ይፈጃል ስላለኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቅዳሜ ፍላሹን በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ።

አባቴ ከዙሁር ሰላት መልስ አዲሱን ጀለቢያውን እንደለበሰ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ፍላሹን ሰካሁት። ምስሉ ትናንት የተነሣ ነው የሚመስለው። ዣንጥላው ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ብቅ አለች፤ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው የፈረንጅ ድምፅ ነው።

ጌቾ ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት።

«እህቴ፣ ወደድሽው?» አለኝ ደስ ብሎት። «የእናንተው ሻግቶ ኖሮ ማሽኑ በላው፤ ብጥስጥሱ ሲወጣ ጣልኩት። ግን አትዘኚ፣ ፊልሙ ታድሶ በዲቪዲ ወጥቷል። ከዚያ ነው የጫንኩልሽ። የእናንተው ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ሲለፈልፉበት ሰማሁ፤ ማን እንዳበላሸው እንጃ።»

ልቆጣው አልቻልኩም። ምን ብዬ? ያልነገርኩትን ከየት ይወቀው?

አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ዞሮ አላየኝም። «ጥሩ ነው፤ ጥርት ብሏል» አለኝ። «የሰውዬው የኮት ቁልፍ እንኳ ይታያል።» እኔን ለማጽናናት መሆኑ ስለገባኝ ለቅሶዬ መጣ። ሁለት ጊዜ እናቴን ቀበርኩ፤ ሁለተኛውን በገዛ እጄ።

እሱ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሰውዬው አፉን ሲከፍት፣ አባቴ በዚያ በቪዲዮ ቤት ድምፁ መተርጎም ጀመረ፤ ትንሽ ሻከረ እንጂ አንድ ቃል አልሳተም። የሴትዮዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ግን ዝም አለ። ጠበቀ። እሷ ስትጨርስ እንደገና የራሱን ቀጠለ።

ያ ዝምታ አስጨነቀኝ። እሷ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት በእናቴ ቦታ ገብቼ ልናገር ጀመርኩ።

አባቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አለ። «እየሰማኋት ነው።»

ፊልሙ ሊያልቅ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።